ስልክና ኢንተርኔት በገጠር ኑሮ

አንዲት እናት አሉ እንበል። የሚኖሩት በወሎ ገጠር ነው። ልጃቸው አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ያቦካል። በየወሩ ለእናቱ ገንዘብ ይልካል። ገንዘቡ የሚመጣው በስልክ ነው። ስልኩ ሲጮኽ መልእክት ገባ ማለት ነው። እናት ግን ፊደል አልቆጠሩም፤ መልእክቱን ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ የገበያ ቀን ስልኩን ይዘው ከተማ ይወርዳሉ። ከአንድ ሱቅ ይገቡና ለባለሱቁ ልጅ ይሰጡታል።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ምን ይላል?» ይላሉ።

«እማማ፣ 1,500 ብር ተልኮልዎታል» ይላል ልጁ። «የሚስጥር ቁጥሩስ?»

እናት መቀነታቸውን ይፈታሉ። ከመቀነቱ የተቋጠረች ቁራጭ ወረቀት አለች። ቁጥሩ ተጽፎባታል። አውጥተው ይሰጡታል። ልጁ ስልኩን ነካ ነካ ያደርጋል፤ 1,500 ብር ቆጥሮ ይሰጣቸዋል። እናትም መርቀውት ይሄዳሉ።

ከዚያ እናት መሠረተ ትምህርት ገቡ። ቁጥር ለዩ፤ ፊደል ቆጠሩ። አንድ ማታ ስልኩ ጮኸ። ኩራዙን ጠጋ አድርገው መልእክቱን ራሳቸው አነበቡ። «2,000 ብር» ይላል። ደነገጡ። የድሮዎቹ መልእክቶች ከስልኩ አልጠፉም ነበርና፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም 2,000 ይላሉ። ለካ በየወሩ 500 ብር ሲጎድልባቸው ኖሯል።

ይህ ምሳሌ ነው። ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ያነሳል። ስልኩ የእናት ነው፤ ገንዘቡም የእናት ነው። ታዲያ ያዘዘበት ማን ነበር? ማንበብ የሚችለው ነው።

ዛሬ ስልክና ኢንተርኔት ሥራችንንና ኑሯችንን እየለወጡ ነው። ለውጡ ጥቅም አለው፤ ጉዳትም አለው። ጥቅሙን ለማግኘት፣ ከጉዳቱም ለመዳን፣ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ምንድን ነው?

ዱሮ ወሬ የሚሄደው በሰው እግር ነበር። መልእክተኛው ስንቁን ይዞ ቀናት ይጓዛል። በ1880ዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ አዘረጉ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ያለ ሰው እግር መሄድ ጀመረ። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። የእጅ ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ። በመጀመሪያ የከተማ ሰው ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን እረኛውም፣ አራሹም፣ ጠላ ሻጯም ይዘውታል።

ኢንተርኔት ማለት በዓለም ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መረብ ነው። ይህ መረብ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

መልእክቱ እንዴት ይሄዳል? ስልካችን በዓይን በማይታይ የሬዲዮ ሞገድ ከኮረብታው ላይ ከቆመው ማማ ጋር ይነጋገራል። ማማው ከተማ ካለው ጣቢያ ጋር ይገናኛል። ትልልቆቹን ከተሞች የሚያገናኘው ገመድ ነው። በገመዱ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስተዋት ክር አለ። በክሩ ውስጥ የሚሮጠው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ብልጭ ድርግም እያለ መልእክቱን ያደርሳል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ገመዱ በጅቡቲና በኬንያ በኩል ይወጣል። ከዚያ ከባሕር ሥር ከተዘረጉ ትልልቅ ገመዶች ጋር ይገናኛል።

መልእክቱ ደግሞ እንዳለ በአንድ ጊዜ አይሄድም። ይህን በምሳሌ እንይ። አንድ ገበሬ 10 ኩንታል ጤፍ ገበያ ማድረስ ቢፈልግ በአንድ አህያ አይችልም። ለብዙ አህዮች ያከፋፍለዋል። በየጆንያው ላይ ቁጥር ይጽፍበታል። አህዮቹ አንዱ በቆላው፣ ሌላው በደጋው መንገድ ቢሄዱም፣ ገበያ ሲደርሱ ጆንያዎቹ በቁጥራቸው ይደረደራሉ። አንዱ ቢጎድል «አምስተኛው አልደረሰም» ይባልና ሌላ ይላካል። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ደብዳቤውን፣ ድምፁን፣ ፎቶግራፉን ይቆራርጠዋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በተለያየ መንገድ ይልከዋል። ከደረሰም በኋላ ይገጣጥመዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ሁሉም ስልክ ኢንተርኔት የለውም። ብዙው ባለ ቁልፍ ስልክ ድምፅና አጭር መልእክት ብቻ ነው የሚያደርሰው። በጣት የሚነካው፣ በተለምዶ «ተች» የሚባለው ስልክ ግን ኢንተርኔት ይከፍታል። ገንዘብ መላክና መቀበል በሁለቱም ይቻላል።

ገበያና ዋጋ

ገበሬው ዱሮ እንዴት ይሸጥ ነበር? ሌሊት ተነሥቶ አህያውን ይጭናል። ሦስትና አራት ሰዓት ተጉዞ ገበያ ይደርሳል። ነጋዴው እህሉን ዘገን አድርጎ ያይና «ዛሬ ዋጋ ወድቋል» ይለዋል። እውነት ይሁን ውሸት ገበሬው በምን ያውቃል? ጭኖ እንዳይመለስ መንገዱ ሩቅ ነው። ጨውና ጋዝ መግዛት አለበት። ስለዚህ በተባለው ዋጋ ይሸጣል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ከሕንድ አገር የተገኘ አንድ ትምህርት እንጥቀስ። በደቡብ ሕንድ ኬረላ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ብዙ ሰው ዓሣ አጥምዶ ይኖራል። ጥር 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት ባዳጋራ በተባለ የባሕር ዳርቻ 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ አጡ። ዓሣ አይቆይም፤ ይበላሻል። ስለዚህ የደከሙበትን ዓሣ ደፉት። የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፦ በዚያው ጠዋት፣ ከ15 ኪሎ ሜትር ባልራቁ ገበያዎች 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። ሻጭም አለ፤ ገዢም አለ። የጠፋው ወሬው ነው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በባሕሩ ዳርቻ የስልክ ማማ ተተከለ። አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ ወደ ገበያዎቹ መደወል ጀመሩ። «ዛሬ የት ይፈለጋል?» ይላሉ፤ ወደተፈለገበት ይቀዝፋሉ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ ይህን አጥንቶ በ1999 ዓ.ም. ጽፏል። የሚደፋ ዓሣ ቀረ። የአጥማጆቹ ትርፍ 8 በመቶ ጨመረ። ዓሣ የሚገዛውም ሰው የሚከፍለው ዋጋ 4 በመቶ ቀነሰ። ሻጩም ገዢውም ተጠቀሙ ማለት ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኋላም የቡናና የሰሊጥ ዋጋ በሰሌዳና በስልክ ለሕዝብ እንዲሰማ አደረገ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 8028 የተባለ የገበሬዎች የስልክ መስመር ተከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል። ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ በሚገባው ቋንቋ በድምፅ ይነገረዋል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ደውለውበታል።

ነገር ግን ዋጋ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ስልክ መንገድ አይጠርግም፤ መጋዘን አይሠራም። ከነጋዴው አስቀድሞ የተበደረ ገበሬ፣ የሌላውን ገበያ ዋጋ ቢያውቅም ለአበዳሪው ከመሸጥ አያመልጥም። አንድ ኩንታል የያዘ ሰው መኪና ልከራይ ቢል ኪራዩ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ መፍትሔው መተባበር ነው። 20 ጎረቤታሞች እህላቸውን አንድ ላይ ቢያደርጉ፣ በስልክ ዋጋ አጠያይቀው አንድ መኪና ቢከራዩ፣ ስልኩ ያን ጊዜ ይጠቅማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ!

በስልክ የሚሄድ ገንዘብ

ጎረቤታችን ኬንያ በ1999 ዓ.ም. ኤምፔሳ የተባለውን የስልክ ገንዘብ ጀመረች። በአገራችን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። በአራት ዓመት ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተመዘገቡበት።

ዱሮ ከተማ የሚሠራ ልጅ ለወላጁ ገንዘብ የሚልከው አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ነበር። ሰውየው እስኪሄድ ወር ሊሞላ ይችላል። በመንገድም ሊዘረፍ ይችላል። ዛሬ ገንዘቡ ወዲያው ይደርሳል። ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ሲቸግር፣ ይህ ፍጥነት ነፍስ ያድናል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በስልክ ብድር መበደርም ይቻላል። ብድሩ ቀላል ይመስላል፤ ዋስ አቁም፣ ሽማግሌ ጥራ አይባልም። ግን ብድር ብድር ነው። ወለድና ክፍያ አለው። ከመበደር በፊት «ስንት ወሰድኩ? ስንት እመልሳለሁ? መቼ?» ብሎ በወረቀት ላይ ማስላት ይገባል። መደመርና መቀነስ የተማርነው ለዚህ ነው።

ዘመድና ጎረቤት

ብዙ የገጠር ልጆች ሳዑዲ ዓረቢያና ሌላም ዓረብ አገር ሄደው ይሠራሉ። ከአንድ ትውልድ በፊት ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ድምጿን በካሴት ቀድታ በሰው ትልክ ነበር። እናት ካሴቱን በጎረቤት ቴፕ እየሰማች ታለቅሳለች። መልሱ እስኪደርስ ወራት ያልፋል። ዛሬ ግን በኢሞና በዋትስአፕ ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገራሉ። «እስቲ ላሟን አሳዪኝ» ትላለች ልጅ። እናት ስልኩን ወደ በረት ታዞራለች። መጻፍ የማትችል እናት እንኳ ድምፅዋን ቀድታ ትልካለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን የፈጠነ ወሬ ሁሉ ጥሩ አይደለም። የመርዶን ነገር እንውሰድ። በባህላችን መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመክራሉ። ማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ሐዘንተኛው ሲሰማ የሚይዘው፣ የሚያቅፈው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አለ። አሁን ግን በጂዳ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የአባቷን ሞት ብቻዋን ትሰማለች። ሥራ ላይ ሳለች ስልኳን ትከፍታለች። አንዱ የመንደር ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ የአባቷን ፎቶግራፍ ለጥፏል። የሚያቅፋት የለም። ለቅሶ የሚደርሳት የለም። ደግሞም ሥራው አይቆምላትም።

ይህን የሚያደርግ ሰው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ሐዘኑን መግለጹ ነው። ግን አላሰበበትም። ስለዚህ የሞት ወሬ በስልክ ከመልቀቅ በፊት ቤተ ዘመድ ይመካከር። ሩቅ አገር ያለ ልጅ ካለ፣ አጠገቡ ላለ ጓደኛ ወይም ዘመድ አስቀድሞ ይደወል። ባህላችን ከሽማግሌዎቹ እግር ጋር የሚሄድ ነበር። አሁን ከስልኩ ጋርም እንዲሄድ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ሥራና ዕረፍት

ስልክ የሰውን ሰዓትም ለውጧል። ገበሬው በሬ ጠምዶ ሲያርስ ስልኩ ይጮኻል። በሬዎቹን አቁሞ ያነጋግራል። አንድ ሁለቴ ምንም አይደለም። አሥር ጊዜ ሲሆን ግን እርሻው ይጎዳል። ከተማ ያለው ልጁ ደግሞ የባሰ ነው። ዱሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራው አለቀ። ዛሬ አሠሪው በሌሊት ይደውላል፤ በበዓል ቀንም ይደውላል። ስልክ ይዟልና «አልሰማሁም» ማለት አይችልም።

በቤትም ውስጥ እንዲሁ ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ አንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይቀመጣል። ልጆች ሌሊት ሲያዩ ያድሩና ትምህርት ቤት ሄደው ያንቀላፋሉ። ለካርድና ለጥቅል የሚወጣው ገንዘብም ጥቂት በጥቂት ብዙ ይሆናል። ለእህሉ መስፈሪያ እንዳለው ሁሉ፣ ለስልክም ጊዜ መስፈር ያስፈልጋል።

አታላዮች፣ ወሬና የመስመር መቋረጥ

ሌባ ዱሮ በሌሊት ግድግዳ ይቆፍር ነበር። ዛሬ በቀን ይደውላል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! የ100,000 ብር ዕጣ ወጥቶልዎታል።»

«እኔ መቼ ዕጣ ቆረጥኩ?»

«ስልክዎ ነው የተመረጠው። አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ።»

ቁጥሩ ከተነገረው በኋላ ዕጣ የለም፤ ያለው ገንዘብም ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በልባችን እንያዝ። ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር ለማንም መንገር አያስፈልግም። የሚስጥር ቁጥር የሚያስፈልገው ገንዘብ ሲወጣ ነው። ስለዚህ «ልስጥህና ቁጥርህን ንገረኝ» የሚል ሁሉ ሊወስድ ነው።

ሌላው ሐሰተኛ ወሬ ነው። የሌላ አገር ፎቶግራፍ «ትናንት እዚህ ቦታ የሆነ» ተብሎ ይላካል። ያየ ሰው ይናደዳል፤ ሳይመረምር ለሌላው ያስተላልፋል። በዚህ ምክንያት ጎረቤትና ጎረቤት ሊጣላ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። «በስልክ አየሁ» ማለት «በዓይኔ አየሁ» ማለት አይደለም። ማን ጻፈው? መቼ? ሌላ ማን ያውቃል? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠዋል። በአማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም. የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ወላጅ ከልጁ ተቆራረጠ፤ ነጋዴ ከደንበኛው ተለያየ። ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉን ነገር በስልክ ላይ ብቻ አለመጣል ነው። ባለ አንድ ጎተራ ሰው ነቀዝ ሲገባበት ሌላ መጠጊያ የለውም።

ምን እናድርግ?

1. የሚስጥር ቁጥራችንን ለማንም አንስጥ። ለባለሱቅም፣ ለደዋይም፣ ለጎረቤትም። ቁጥሩን ራሳችን እንንካ።

2. የገንዘብ መልእክት ሲደርስ ራሳችን እናንብብ። ስንት ነው? ከማን ነው? ቀሪው ስንት ነው? እነዚህን ሦስቱን እንይ። ያልገባን ነገር ካለ የምናምነው ሰው ያስረዳን፤ ግን ስልኩ ከእጃችን አይውጣ።

3. የዘመድ ስልክ ቁጥርና የብድር ሒሳብ በደብተርም ላይ እንጻፍ። ስልክ ይሰበራል፤ ባትሪም ያልቃል። ደብተር ግን ኔትወርክ አይፈልግም።

4. ከመሸጥ በፊት ከሁለትና ከሦስት ገበያ ዋጋ እንጠይቅ። ከጎረቤት ጋር እንተባበር።

5. ያልመረመርነውን ወሬ አናስተላልፍ። በማዕድ፣ በለቅሶና በእርሻ ሰዓት ስልኩ ይረፍ።

ማጠቃለያ

ወደዚያች እናት እንመለስ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደዚያው ሱቅ ሄዱ። ልጁ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። እናት ግን ስልኩን አልሰጡትም።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬስ እኔ ላንብብልህ» አሉት። «2,000 ብር ይላል። ያለፈው ወርም 2,000 ብር ይላል። የካቻምናውም እንዲሁ። ቁጥሩን ደግሞ እኔው እነካዋለሁ።»

ልጁ አቀረቀረ። እናት በቀስታ፣ አንድ በአንድ፣ ቁጥሩን ነኩ። ገንዘባቸውን ቆጥረው ተቀበሉ። የጎደለውንም እንዲመልስ ቀን ቆረጡለት።

ማማውን የሚተክለው ሌላ ነው፤ ስልኩንም የሚሠራው ሌላ ነው። መልእክቱን አንብቦ የራሱ የሚያደርገው ግን ፊደል የቆጠረው ሰው ነው። ስለዚህ ይህን ገጽ አንብባችሁ የጨረሳችሁ ሁሉ፣ ትልቁን ቁልፍ ይዛችኋል። በቤታችሁ ገና ያልቆጠረ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ የስልኩን መልእክት አብራችሁት አንብቡ። ትምህርቱን ከዚያ ይጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እናትየው በየወሩ ስንት ብር ይጎድልባቸው ነበር? በ12 ወር ስንት ይሆናል? አስሉ።

2. የኬረላ ዓሣ አጥማጆች ዓሣቸውን ለምን ደፉ? በእናንተ ቀበሌ እንዲህ በወሬ እጦት የሚባክን ምርት አለ?

3. ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር መንገር ያስፈልጋል? ለምን?

4. በመንደራችሁ መርዶ እንዴት ይነገራል? ሩቅ አገር ላለ ልጅ እንዴት ቢነገር ይሻላል?

5. ስልክ በቤታችሁ ምን ጥቅም አመጣ? ምንስ አጎደለ? በሦስት ወይም በአራት መስመር ጻፉ።